ሰላጣው የፈለገው ብርሃን

በ1880 መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ሲመንስ የተባለ መሐንዲስ በደቡብ እንግሊዝ፣ ተንብሪጅ ዌልስ አጠገብ ባለው ይዞታው፣ አትክልቶችን በአራት ከፈለ። አንደኛውን ምድብ ጨለማ ውስጥ ተወው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ብርሃን ብቻ፣ ሦስተኛው የፀሐይ ብርሃን ብቻ አገኘ። አራተኛው ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በመብራት አደገ። መብራቱ የዛሬው ዓይነት አምፖል አልነበረም። በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚነድ ብልጭታ የሚበራ፣ ትክ ብለው የማያዩት የአርክ መብራት ነው። ሁለቱንም ብርሃን ያገኙት አትክልቶች ከሁሉም በላይ ጠቁረው ለመለሙ። ተክል እንደ ሰው የሌሊት ዕረፍት ያሻዋል ለሚሉት ይህ ያልተጠበቀ መልስ ነበር።

ሲመንስ መብራቱን ግሪንሃውስ ውስጥ ያለ መስታወት ከለላ ሲያበራው ግን ቅጠሎቹ ተጨማደዱ። በመብራቱና በአትክልቱ መካከል ስስ መስታወት ሲያቆም ጉዳቱ ቀረ። መስታወቱ ግማሹን ብቻ በከለለው ቅጠል ላይ የተቃጠለውና የዳነው ክፍል በመስመር ተለይቶ ይታይ ነበር። መስታወት ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል፤ እንግዲህ ጥፋተኛው ዓይን የማያየው ጨረር፣ አልትራቫዮሌት ነበር።

ከሚታየውስ ተክሉ የሚወደው የቱን ነው? ጀርመናዊው ቴዎዶር ኤንግልማን በ1882 ለዚህ ያቀረበው መልስ እስካሁን ከማውቃቸው ሙከራዎች ሁሉ ብልሃተኛው ይመስለኛል። ብርሃንን በፕሪዝም ወደ ቀለማቱ በትኖ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር በተቀመጠ ክር መሰል አልጌ ላይ ዘረጋው። ተክል በብርሃን ምግብ ሲሠራ ኦክስጅን ይለቃልና፣ ኦክስጅን የሚያሳድዱ ባክቴሪያዎችን ለቀቀበት። ባክቴሪያዎቹ ቀዩና ሰማያዊው ያረፉባቸው ቦታዎች ላይ ተከማቹ፤ አረንጓዴው ላይ ግን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ቀይና ሰማያዊ ይጠቅማሉ፣ አረንጓዴ ከንቱ ነው የሚለው እምነት ከዚህ ጀምሮ ሥር ሰደደ። ከመቶ ዓመት በላይም ቆየ።

በኒውዮርክ ግዛት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአርክ መብራት ሥር ሰላጣ አሳደገ። ሰላጣው ቶሎ ደረሰለት፤ ስፒናቹ ግን ለመበላት ሳይበቃ አበባና ዘር ለማውጣት ተጣደፈ። ብርሃን ለተክል ምግብ ብቻ ሳይሆን ወሬም ነው፦ ወቅቱን ይነግረዋል። ይህ የተብራራው በ1920 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎቹ ጋርነርና አላርድ ብዙ ተክሎች የሚያብቡት የቀኑንና የሌሊቱን ርዝመት ተከትለው መሆኑን ሲያሳዩ ነው።

ተክሉ የሌሊቱን ርዝመት የሚያውቀው በምን ነው? እዚያው ሚኒስቴር ውስጥ፣ ሜሪላንድ ግዛት ቤልትስቪል ላይ፣ ሃሪ ቦርትዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ ይህን ሲያሳድዱ የሰላጣ ዘር ደረሰላቸው። «ግራንድ ራፒድስ» የሚባለው ዝርያ ጨለማ ውስጥ በደንብ አይበቅልም። ረጥቦ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ከመቶው 70 በቀለ። ከቀዩ በኋላ ዓይን ሊያየው እምብዛም የማይችለው፣ ከቀይ ማዶ ያለው «ሩቅ ቀይ» ሲበራበት የበቀለው 6 ብቻ ሆነ። እንደገና ቀይ ሲጨመር 74፤ እንደገና ሩቅ ቀይ፣ 6። ስንት ጊዜ ቢያፈራርቁት የሚወስነው መጨረሻ የበራው ነው። ውጤቱ በ1952 ታተመ።

ከዚህ ተነሥተው ዘሩ ውስጥ በሁለት መልክ የሚገላበጥ አንድ ቀለም አለ አሉ። ማንም አላየውም፤ የቀለዱባቸውም ነበሩ። በ1959 እነዋረን በትለር ጨለማ ውስጥ በበቀሉ የበቆሎ ችግኞች ውስጥ በመሣሪያ ለኩትና አፍ አዘጉ። ስሙ ፋይቶክሮም ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው፦ ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ሩቅ ቀዩን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በሌላ ተክል ጥላ ሥር ያለች ትንሽ ዘር ከበላይዋ ሌላ ተክል እንዳለ ታውቃለች፣ ትታገሣለችም።

ኤልኢዲ (ብርሃን አመንጪ ዳዮድ) ወደዚህ ታሪክ የገባው ጠፈር ላይ ተክል ለማሳደግ ተብሎ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሬይ ቡላና ባልደረቦቹ ትንሽ፣ ብዙ የማይሞቅ፣ በቀላሉ የማይሰበር መብራት ይፈልጉ ነበር። ቀዩ ዳዮድ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ በሚወደው 660 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ነገር ግን በቀይ ብቻ የበቀሉት የሰላጣ ችግኞች ቀጥነው ወደ ላይ ተመዘዙ። ሰማያዊ ያስፈልጋል፤ ብሩህ ሰማያዊ ዳዮድ ግን ገና አልተሠራም። ስለዚህ ሰማያዊውን ከፍሎረሰንት ቱቦ ተበደሩ፤ ሰላጣው ተስተካከለ። ውጤታቸው በ1991 ወጣ፤ ሹጂ ናካሙራ ጃፓን ውስጥ ብሩሁን ሰማያዊ ዳዮድ ያሳየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቀይና ሰማያዊን የቀላቀለ ሐምራዊ መብራት ገበያውን ሞላው። ብዙ ሻጮች አንድ ግራፍ ያሳያሉ፦ ክሎሮፊል ቀይና ሰማያዊውን ሲመጥ። ግራፉ ውሸት አይደለም፤ የተለካው ግን ከቅጠል ወጥቶ በፈሳሽ የሟሟ ክሎሮፊል እንጂ ሕያው ቅጠል አይደለም። በቅጠል ውስጥ ብርሃን ይንከራተታል። ቀይና ሰማያዊው ላዩ ላይ ሲዋጡ፣ አረንጓዴው ወደ ውስጥና ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ይዘልቃል። በ2004 የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ተመራማሪዎች በቀይና ሰማያዊ ላይ 24 በመቶ አረንጓዴ ሲቀላቅሉ ሰላጣው ይበልጥ አደገ። በሐምራዊው ብርሃን የበሽታ ነጥብ ከጤነኛ ቅጠል ለመለየት ለሚቸገረው ሠራተኛም አረንጓዴው እፎይታ ነው።

ቀጥሎ የተነካው ድንበሩ ነው። ኪት ማክሪ በ1972 የ22 ሰብሎችን ቅጠል ለክቶ ምግብ ለመሥራት የሚጠቅመው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው ካለ ወዲህ፣ መብራት የሚመዘነው በዚሁ ልክ ነው። ሩቅ ቀይ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። ማክሪ ግን እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ነበር ያበራው። በ2020 የዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሹያንግ ዤንና ብሩስ ባግቢ በ14 ሰብሎች ላይ ሩቅ ቀይን ከሌላው ብርሃን ጋር ሲቀላቅሉት በመስመሩ ውስጥ ያለውን ብርሃን ያህል ጠቀመ፤ ለብቻው ሲበራ ግን ደካማ ነው።

ስለዚህ ድንበሩ እስከ 750 ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለሰላጣ አምራች መልካም ዜና ነው፦ በሩቅ ቀይ ቅጠሉ ይሰፋል፣ የሰፋ ቅጠልም ብዙ ብርሃን ይይዛል። ቲማቲም ችግኝ ላይ ግን ያው ፋይቶክሮም ጥላ የወደቀበት ይመስለዋል፤ ግንዱን ያስረዝማል። የመብራቱ ቅይጥ ስንት ይሁን የሚለው ዛሬም የሚወሰነው በየሰብሉ ተፈትኖ ነው።