አንጎል፣ ኬሚካሎቹና ወንጀል

ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል የድርጊትን ውጤት ያመዛዝናል፤ ግልፍታንም ይገታል። በአደጋ ወይም በዕጢ ሲጎዳ ጨዋ የነበረ ሰው ጠበኛ ሊሆን ይችላል። ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ማነስም ከችኩል ጠበኝነት ጋር ተያይዞ ይነሳል። ግንኙነቱ ግን ደካማ ነው፤ ወንጀለኛን ከሌላው የሚለይ የደም ምርመራ የለም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው እንደ አረቄ ያለ የአልኮል መጠጥ ነው። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ያጠናክራል፣ የሚያነቃቃውን ግሉታሜት ያዳክማል። ቀድሞ የሚላላው ራስን የመግዛት ልጓም ስለሆነ፣ ተራ ክርክር በቀላሉ ወደ ዱላ ይዞራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የአእምሮ ጉድለትንም ስካርንም አልዘነጋም። በአንቀጽ 48 መሠረት፣ በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ተረድቶም ራሱን መግዛት የተሳነው ሰው አይቀጣም። ችሎታው በከፊል ብቻ ከተጓደለ ቅጣቱ ይቀልለታል። ወንጀል ለመፈጸም ሆን ብሎ የሰከረ ግን ከዚህ አይጠቀምም። ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲያሳይ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ምርመራ ያካሂዳል። ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት ብቻ ነው፤ ሕጋዊ ድምዳሜው የራሱ ነው።