ስጦታ ስትገዙ... ድንጋይዋን አይታችኋል?

ለእህታችሁ ልጅ ልደት ተጠርታችኋል እንበል። ደመወዝ ገና አልወጣም፤ ኪስም ያው ነው። መርካቶ ጎራ ብላችሁ የምትዘፍንና የምታበራ ትንሽ መጫወቻ ታነሳላችሁ። ባለሱቁ ጫን ሲያደርጋት "ሃፒ በርዝዴይ" ትላለች። ከዚያማ ክርክሩ ሁሉ በዋጋ ነው... "ቀንስ!" "አይቀንስም!" ድንጋይዋ በምን እንደተዘጋች የሚጠይቅ ግን የለም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ። እንዲህ ያሉ መጫወቻዎችና የሚዘፍኑ ካርዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለችው ሳንቲም የምትመስለዋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። የመኪና ሪሞት ውስጥም አለች። አንዳንዷ ላይ ሲአር 2032 የሚል ታነባላችሁ። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልተጻፈም፦ 20 ስፋቷ በሚሊ ሜትር፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ ነው፤ 3.2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጉዱ ያለው እዚያ 20 ላይ ነው! የሕፃን ምግብ መውረጃ ቧንቧ ውስጥ ልክክ ብላ ትቀረቀራለች።

"ታዲያ ምን አለበት? ሳንቲም የዋጠ ልጅ በማግስቱ ያወጣው የለ?" የሚል አይጠፋም። ሳንቲምና ድንጋይ ምን አገናኛቸው! ድንጋይዋ እርጥብ ሥጋ ስትነካ ኤሌክትሪኳ በምራቁ በኩል ይዘዋወርና በቦታው ላይ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ አቃጣይ ነገር ይፈጠራል። ባትፈነዳም፣ ባታፈስም ታቃጥላለች። ለከባድ ጉዳት 2 ሰዓት ይበቃታል። "ያለቀች ናት" ማለትም አያዋጣም። መጫወቻ ማዘፈን ያቃታት ድንጋይ ጉሮሮ ለማቃጠል አታንስም።

የሚያናድደው ደግሞ ምልክቱ ነው። ልጁ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያስለዋል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል። ቤተሰቡ "ጉንፋን ነው፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው" ብሎ ያድራል። ሲውጥ ያየ ከሌለ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ሩጡ! ጣት ከትቶ ማስመለስ፣ ወተት መጋት የለም። የአሜሪካ የመርዝ ሐኪሞች የሚፈቅዱት አንድ ነገር ማር ነው፦ ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈውና መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ፣ እስከ 6 ጊዜ። ማር ፍለጋ ተብሎ ግን ጉዞው እንዳይዘገይ! ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ክልክል ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። መጫወቻዋን ገልብጧት። የድንጋዩ መክደኛ ብሎን አለው ወይስ በጥፍር ይነሳል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ መሠረት በእነዚህ ድንጋዮች የሚሠሩ ዕቃዎች መክደኛ ያለመሣሪያ፣ ወይም ሁለት የተለያየ የእጅ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ሳይደረግ እንዳይከፈት ተደንግጓል። እናንተ ሕግ መጠበቅ አያሻችሁም፤ ጥፍራችሁ ይበቃል። በጥፍር ከተከፈተ መልሷት። ባለሱቁ ቢያኮርፍ ጎረቤቱም ሱቅ ነው። የሚዘፍነውን ካርድማ ለትልልቆቹ ተዉት፤ ወረቀት ምን ብሎን አለው?

ድንጋይ የሌለው መጫወቻም ቢሆን ዓይንና ጎማው ይነቀል እንደሆን ሳብ ሳብ አድርጉ። የፋብሪካው መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ እዚያ ውስጥ የገባ ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሶፍት ካርቶን ቱቦ ይበቃችኋል፤ እንዲያውም ሰፋ ስለሚል ለጥንቃቄ ይሻላል። ፊኛ ሲፈነዳ ደግሞ ቁራጩን ቶሎ ልቀሙ። ጨዋታ መስሏቸው ያኝኩታል፤ አየር ቧንቧ ላይ ከተለጠፈ መከራ ነው።

ድንጋይ ስትቀይሩ አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። በሁለቱም ጎን ፕላስተር ለጥፉባትና ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጧት።