ከዛገ ቧንቧ እስከ ፊዩል ሴል

ሌሊቱን ሳይነካ ያደረ የእጅ ፓምፕ በማለዳ የሚያወጣው የመጀመሪያው ጀሪካን ውኃ አንዳንድ ጊዜ ቀይ ዳማ ይሆናል። ሲቀምሱት ብረት ብረት ይላል፤ ነጭ ልብስ ሲያጥቡበት ያወይበዋል። እናቶች ጥቂት ጊዜ ይታገሡና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ጥንቱ ወንዝ ይመለሳሉ። ጉድጓዱ አልደረቀም፤ ፓምፑም አልተሰበረም፤ ሰው ግን ትቶታል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ነገር ያነሣነው የኤሌክትሮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሥራ ምን እንደሚመስል ለአንባቢያችን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መነሻ ስላላገኘን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብረቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምዕራብ አፍሪካ በእጅ ፓምፖች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን አብዛኛው ጥፋት የቧንቧው ሆኖ እንደሚገኝ አሳይተዋል። መለያው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ፓምፑ ሌሊቱን ይቆማል፤ ማለዳ ከመጀመሪያው ውኃ ናሙና ይወሰዳል፤ ከዚያም ሳይቋረጥ እየተቀዳ በየመካከሉ ሌሎች ናሙናዎች ይወሰዳሉ። የብረቱ መጠን መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ከወረደ ምንጩ ቧንቧው ነው፤ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ካልተለወጠ ግን መሬቱ ነው።

ዝገት ያለ ሽቦ የሚሠራ ባትሪ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በቧንቧው ገጽ በአንዱ ነጥብ የብረት አቶም 2 ኤሌክትሮኖች ትቶ ወደ ውኃው ይገባል፤ በሌላው ነጥብ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን እነዚያን ኤሌክትሮኖች ይቀበላል። ቧንቧ በዚንክ የሚለበጠውም ለዚህ ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮን መስጠት ስለሚቀናው ብረቱን ተክቶ ይሠዋል። ሆኖም የውኃው ፒኤች ከ6.5 በታች ሲሆን ይህ ልባስ ብዙም አይጠቅምም፤ ቧንቧዎቹ በሚጋጠሙባቸው ጥርሶች ላይ ደግሞ ዚንኩ ገና ሲቆረጥ ተነሥቷል። በአንድ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ 10 ማይክሮአምፔር የሚያህል፣ አምፖል ይቅርና ምንም የማያበራ ኤሌክትሪክ በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት ይበላል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ 30 ዓመት የሚቆይ ሊመስለን ይችላል። ዝገት ግን እንዲህ በእኩልነት አይበላም፤ የሳሳውን መገጣጠሚያ መርጦ ይበሳል።

ደቡብ ኦሞ ለዚህ ጥናት የተመቸ ስፍራ ነው። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ ከፍታ 360 ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ የሐመር ተራሮች ጥንታዊ ዐለትና የታችኛው ኦሞ ደለል አለ። በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ዐለት ውስጥ ያለፈ ውኃ ብዙ ጊዜ ለአሲድነት ያደላል፤ በሞቃትና ደረቅ ቆላ ደግሞ ጨው ይከማችና ውኃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል። ሁለቱም ለብረት ጠላት ናቸው፤ ጠላትነታቸው ግን አንድ አይደለም። አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ በብረት ፈንታ የፕላስቲክ ቧንቧ እንዲይዝ መደረጉ አንዱ መፍትሔ ሆኗል፤ በውስጡ የሚወርደው ዘንግ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ውኃውን ሳይመረምሩ አይመለስም።

በዚሁ ሳይንስ ሩቅ የተጓዘች ኢትዮጵያዊት አለች። ሶሲና ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወለደች። የግዕዝ ብራናዎች ሊቅ የሆኑት አባቷ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በወታደሮች ጥይት ከቆሰሉ በኋላ ቤተሰቡ ተሰደደ። እርሷም በ1992 ከኤምአይቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች፤ በካልቴክ ለረጅም ዓመታት አስተምራ በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች። በ2001 ከባልደረቦቿ ጋር ጠጣር አሲድ በፊዩል ሴል ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል አሳየች። በፊዩል ሴል ውስጥ ኦክሲጅን የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮኖች በሽቦ በኩል ይቀበላል፤ በቧንቧው ላይ የብረቱን ኤሌክትሮኖች እንደሚቀበለው ማለት ነው። አንዱ ሲታገዝ መብራት ይሆናል፤ ሌላው ሳይታገዝ ፓምፕ ይበሳል። የመጀመሪያው ጠጣር አሲድ በሃይድሮጅን እየተበላሸ ስላስቸገረ ቡድኗ በ2004 ወደ ፎስፌት ጨው ተሻገረ። የዚህ ሙያ ሰው ዕድሜውን የሚያሳልፈው እንዲህ ከመበላሸት ጋር ሲታገል ነው።

የዝገት ጥናት በተማሪዎቻችን ዘንድ ዝና እንደሌለው እናውቃለን፤ በእኛ አስተያየት ይህ ተገቢ አይደለም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥሩ ሚዛንና የቧንቧ ቁራጮች ናቸው። ቁራጮቹ ተመዝነው በናይለን ገመድ ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ በሽቦ ከተንጠለጠሉ ሁለቱ ብረቶች ተገናኝተው ሌላ ባትሪ ይሠራሉ። ከወራት በኋላ ሲወጡ ዝገቱ ጤነኛውን ብረት በማይነካ ዘዴ መወገድ አለበት። ከነዝገቱ የተመዘነ ብረት ከመጀመሪያው ይልቅ ከብዶ ይገኛልና።