ለሰበካ መጋዘን የሚስማማው የጭነት ማንሻ

በጋሞ ዞን፣ በጨንቻ ደጋ ርጥበት፣ በአርባ ምንጭ ቆላ ደግሞ ሙቀትና ነቀዝ የእህል ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ ለችግረኞች የተከማቸ እህል ፓሌት በሚባለው የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ሊደረደር ይገባል። ማንሻውም ከዚህ ጋር ተገናዝቦ ይመረጥ።

ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ አንድ ወይም ሁለት ጆንያ ያጓጉዛል፤ ለአነስተኛ መጋዘን በቂ ነው።

የእጅ ፓሌት ጃክ ሹካዎቹን ከርብራቡ ሥር አስገብቶ፣ እጀታው ዝቅ ከፍ ሲደረግ በዘይት ግፊት ከ20 እስከ 25 ኩንታል ከወለል ጥቂት ከፍ ያደርጋል። ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ይሻል፤ አናጢውም ለሹካዎቹ መግቢያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው።

ፎርክሊፍት ከፍ አድርጎ ይደረድራል፤ ነገር ግን የሠለጠነ ነጂ፣ ጽኑ ወለልና ሰፊ መተላለፊያ ያስፈልገዋል። በናፍጣ የሚሠራው በተዘጋ ቤት ውስጥ ጭሱ ለጤና አደገኛ ነው።

ሰበካ ጉባኤያት ከግዢ በፊት ወለሉን፣ በሩንና የጭነቱን መጠን ይመርምሩ። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ርብራቡና ጋሪው ይቅደሙ፤ እህሉ ከብልሽት፣ ኩንታል የሚሸከመው ወንድማችንም ከጉዳት ይጠበቃሉና።