ባለ 32 ኢንቹ እና የሠርጉ ካሴት

ሞያሌ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚሸጠው በኢንች ነው። በኬንያው ወገንም ሆነ ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያው ወገን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ዋጋ የሚጠራው በዚያው ነው። ኢንቹ ግን የሚለካው በሰያፍ ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን። የሚወዳደሩት ስክሪኖች ቅርጻቸው አንድ እስከሆነ ድረስ ይህ ልኬት ማንንም አያሳስትም። ቅርጻቸው ሲለያይ ነው ጉዱ።

ጀርባው የወጣው የድሮ ቴሌቪዥን ወርዱ 4 እጅ፣ ቁመቱ 3 እጅ ነው። ባለ 21 ኢንቹ በሴንቲ ሜትር ሲለካ ወርዱ ወደ 43፣ ቁመቱ 32 ይመጣል፤ በፕላስቲኩ ሥር የሚደበቀው የመስታወት ጠርዝ ሲቀነስ ደግሞ ዓይን የሚያየው ቁመት 31 ገደማ ነው። ዛሬ በየሱቁ የተደረደሩት ጠፍጣፋዎቹ 16 ለ 9 ናቸው። ከእነሱ ባለ 24 ኢንቹ ወርዱ 53 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም ቁመቱ 30 አይሞላም። እንግዲህ አሮጌውን ባለ 21 አውጥቶ «ሦስት ኢንች ጨመርኩ» ብሎ ባለ 24 ይዞ የገባ ሰው በቁመት ጥቂት ቀንሶ ነው የገባው። ዜና አንባቢው ምን ያህል ገዝፎ እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ ቁመቱ ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተው «ሰዉ ሁሉ አነሰብኝ» የሚሉ ሰዎች ዓይናቸው አልደከመም፤ ሒሳቡ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ባለ 32 ላይ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ወርዱ 71፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ4 ለ 3 የተቀረጸ አሮጌ ምስል በልኩ ሲቀመጥበት መሐል ላይ 53 በ40 ይይዛል፤ ግራና ቀኙ ዘጠኝ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ኪሳራ ቢመስልም የተገኘው ምስል ከድሮው ባለ 26 ኢንች ጋር እኩል ነው። በግልባጩ፣ ሰፊ ምስል ባለ 21 ኢንቹ ውስጥ ሲገባ ከላይና ከታች ጥቁር ይዞ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በሁለቱም የሚባክነው የስክሪኑ ሩብ ነው። ከ32 በታች ለሚገዛ ሰው የቅርጹ ነገር ሊያስጨንቀው ይገባል፤ ከ32 ወዲያ ግን ሰፊው ለአሮጌውም ለአዲሱም ምስል ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁለቱም ቅርጾች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። 4 ለ 3ን ቴሌቪዥን የወረሰው ከፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዊልያም ዲክሰን ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የመረጠው ልክ ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ስርጭት ሲጀምሩ ከዚህ ሌላ አማራጭ አልነበረም። ሲኒማ ቤቶቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተመልካቹን ቴሌቪዥን ሲነጥቃቸው ቤት ውስጥ የማይገኝ ሰፊ ሸራ ዘረጉ። 16 ለ 9 በእነዚህ መካከል የተገኘ የእርቅ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዘመኑ የነበሩትን ቅርጾች እኩል የቆዳ ስፋት ኖሯቸው አንዱን በአንዱ ላይ ሲያነባብር፣ ሁሉንም የሚያቅፈው ክፈፍ 16 ለ 9 ሆኖ አገኘው። ለማንም ሙሉ በሙሉ አይመችም፤ ለሁሉም ግን ይደርሳል።

ሞያሌን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ የሚያደርጋት የቅርጹ ቅይጥ ነው። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው፤ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ሁለቱንም ከተሞች ቤት ድረስ ያመጣል። አማርኛ በሚነገርበት ቤት ማታ የናይሮቢ ዜና በስዋሂሊ ይታያል፤ ቀጥሎ ኢቲቪ ወይም ኢቢኤስ ይከፈታል፤ ወይም ቃና በአማርኛ የቀዳው የቱርክ ድራማ። ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ አለ። ዘመድ ሲሰበሰብ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ የሠርግ ካሴት ወይም የመዝሙር ቪሲዲ ይወጣል። ድራማውና ኳሱ ሰፊ ናቸው፤ ካሴቱና ቪሲዲው 4 ለ 3። አሮጌ የዜና ማኅደር ሲታይ ደግሞ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱም ይፈራረቃሉ።

ምስሉ የሚመጣባቸው መንገዶችም ሁለት ናቸው። ኬንያ አናሎግ ስርጭቷን የዘጋችው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻና በ2015 ነው፤ በዚያ ጭቅጭቅ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ሦስት ሳምንት ያህል ከአየር ጠፍተው እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ከዚያ ወዲህ የኬንያ ጣቢያ በዲኮደር ወይም ዲጂታል መቀበያ በውስጡ ባለው ቴሌቪዥን ነው የሚታየው። የኢትዮጵያዎቹ በዲሽ ይመጣሉ፤ ድሮ ከናይልሳት ሳተላይት፣ ኋላ ከኢትዮሳት። ናይልሳትን የሚፈልገው ሳህን ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ግን ለሞያሌ ከአናት ብዙም አይርቅም፤ ሳህኑ ዝናብ ሊቀበል እንደተዘረጋ ገበታ ወደ ላይ ያንጋጥጣል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምስሉ ዓይናችን ጋ እስኪደርስ ድረስ ቅርጹን ሊለውጡ የሚችሉ ሦስት እጆች አሉ፦ ጣቢያው፣ ሪሲቨሩ (ወይም ዲኮደሩ) እና ቴሌቪዥኑ ራሱ። ተራው ዲጂታል ምስል፣ ኤችዲ ያልሆነው ማለቴ ነው፣ ጠባብም ይሁን ሰፊ የሚላከው በአንድ ዓይነት መጠን ነው፤ ብዙውን ጊዜ 720 በ576 ነጥብ። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው አብሮት የሚጓዝ ምልክት ነው። ምልክቱን ያነበበ ሪሲቨር ምስሉን በልኩ ይዘረጋዋል። በቢጫ፣ ቀይና ነጩ ገመድ የተያያዘ ርካሽ ሪሲቨር ግን ምልክቱን አብዛኛውን ጊዜ ለቴሌቪዥኑ አያስተላልፍም፤ ቴሌቪዥኑ በግምት ይሠራል። ሰዉ ቀጭን ሆኖ ከታየ ሰፊው ምስል በጠባብ ልክ ተጨምቋል፤ ወፍሮ ከታየ ጠባቡ በሰፊ ልክ ተለጥጧል፤ የሚወፍረውም በሲሶ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሲያያዝ ሪሲቨሩ ሥራውን ጨርሶ ስለሚልክ ግምቱ ይቀንሳል።

ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን ልብ ብሎ ላየ ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ይገባዋል። የሱቁ ልጅ ቴሌቪዥኑን ከካርቶኑ ያወጣል፤ ለመሞከር የድሮ ዘፈን በፍላሽ ይከፍታል፤ ግራና ቀኝ ጥቁር ይመጣል። ሊገዙ የመጡት እናት ፊታቸው ይቀየራል። «አይ እማማ፣ ቆይ ይሞላልዎታል» ይልና ሪሞቱን አንስቶ ምስሉን የሚለጥጠውን ቁልፍ ይጫናል። ጥቁሩ ይጠፋል፤ ዘፋኙ ይወፍራል፤ ቴሌቪዥኑ ይሸጣል። ቤት ሲደርስ ያን ቅንብር የሚመልሰው የለም፤ ቤተሰቡ ለዓመታት የተለጠጠ ፊት ያያል፤ ይለምደዋልም። ለእኔ ይህ ከጥቁሩ የባሰ ኪሳራ ነው። ጥቁሩ ባዶ ቦታ እንጂ ውሸት የለበትም።

ሌላው ብልሽት ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሲሠራ ነው። ጣቢያው ሰፊ ፊልም አግኝቶ ከላይና ከታች ጥቁር ጨምሮ በ4 ለ 3 ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ 4 ለ 3 መሆኑን አይቶ ከጎንና ከጎን ጥቁር ይጨምራል። ምስሉ በአራቱም በኩል ይታጠራል፤ ከስክሪኑ 44 በመቶው ይጠፋል፤ 32 ኢንች የገዛው ሰው 24 ኢንች ያያል። «ዙም» የሚባለው ቁልፍ ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሚያሳድግ ቅርጹን አያበላሽም። ፊልሙ ሲያልቅ ግን መመለስ አለበት፤ አለዚያ ዜና ሲመጣ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ይቆረጣል።

ሪሲቨሩ ላይ ያለውም ምርጫ እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥኑ ሰፊ ከሆነ ሪሲቨሩን 16 ለ 9 ላይ አድርጎ መተው። ቴሌቪዥኑ የድሮው ከሆነ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፦ «ሌተር ቦክስ» ምስሉን ሙሉውን አሳንሶ ያስገባል፤ «ፓን ስካን» ግራና ቀኙን ይቆርጣል። ሁለተኛው ስክሪኑን ስለሚሞላ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ከሰፊው ምስል ሩቡን ይጥላል፤ ኳስ ላይ ደግሞ ውጤቱና ሰዓቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በግራ ጥግ ነው። 70ኛው ደቂቃ ላይ ደርሶ «ስንት ለስንት ናቸው?» ብሎ ጎረቤት መጠየቅ የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ተራውን ምስል ለማየት የሚመከረው ርቀት የምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ ነው፤ ለሙሉ ኤችዲ ሦስት እጥፍ። ባለ 32 ኢንቹ ላይ ስድስት እጥፍ ማለት 2 ሜትር ከ40 ነው፤ በብዙ ሳሎን ከሶፋው እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ያን ያህል ነው። ከዚያ ርቀት ተራ የዲሽ ምስልና ኤችዲን ለመለየት ዓይን ይቸገራል፤ ባለ 32 ላይ «ፎርኬ» እያሉ ዋጋ መቆለል የትም አያደርስም። ባለ 43 ተገዝቶ እዚያው ሲቀመጥ ግን ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ነውና የደካማው ስርጭት ሻካራነት መታየት ይጀምራል። ትልቅ ስክሪን የምስሉን ጉድለትም አብሮ ያሳድጋል።

ምንጣፍና ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ቤት ሌላ ጣጣ አለበት። የድሮው መስታወት ከየትም ቢያዩት ቀለሙ አይለወጥም ነበር። ርካሽ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ከታች ወደ ላይ ሲታይ ይጨልማል፤ ልጆች እንዳይነኩት ከፍ ተደርጎ ሲሰቀል ደግሞ ይብስበታል። ዝቅ ማድረግ፣ ካልሆነም ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ መስቀል ነው። ከመግዛት በፊት ሱቁ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ከታች ማየት ነውር የለውም።

መብራትን በተመለከተ ሰፊው ይሻላል፤ ባለ 32 ኤልኢዲ ከአሮጌው ባለ 21 ግማሽ ያህሉን ኃይል ቢፈልግ ነው። የኬንያው ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው፣ የኢትዮጵያው ክብ ስለሆነ ድንበር ተሻግሮ የተገዛ ቴሌቪዥን መቀየሪያ ይፈልጋል፤ እሱን ላላ ያለ ርካሽ አለመግዛት ነው። በአውቶቡስ ሲጫን ደግሞ ካርቶኑ ይቁም እንጂ አይተኛ፤ አስፋልቱ ቢያምርም በላዩ የሚጫነው ጆንያ ስክሪኑን ይሰነጥቃል።

አሮጌው ቴሌቪዥን ታዲያ ይጣል? ካሴትና ቪሲዲ ላለው ቤት፣ የሚሠራ ከሆነ፣ ባይጣል እመርጣለሁ። እነዚያ ምስሎች የተቀረጹት ለእሱ ነው፤ ዝርዝራቸው ጥቂት ስለሆነ ጠፍጣፋው ስክሪን ላይ ሲዘረጉ ይደበዝዛሉ፤ በመስታወቱ ላይ ግን ልስልስ ብለው ይታያሉ። የሠርጉን ካሴት ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ ወደ ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አስረግጦ ይንገራቸው፦ በ4 ለ 3 እንዳለ ይገልበጥ፣ ስክሪን እንዲሞላ ተብሎ እንዳይለጠጥ። ቴሌቪዥን ላይ የተለጠጠ በሪሞት ይመለሳል። ፋይሉ ውስጥ ተለጥጦ የተቀመጠው ግን በኮምፒውተር እንደገና ካልተሠራ አይመለስም፤ ካሴቱ ከተጣለ በኋላ ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ሥራ ጥራቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፎቶ ቤቱ ሳይወጡ ፊት ለፊት የተቀረጸ ክብ ነገር ያለበትን ቦታ፣ የመኪና ጎማ ወይም የግድግዳ ሰዓት፣ አስቁሞ ወርዱንና ቁመቱን በማስመሪያ መለካት ነው፤ እኩል ካልሆኑ ሒሳብ ሳይከፈል እንደገና ይገልበጥ።