ስማቸው ከነፃ ሕክምና ዝርዝር ለቀረ ወገኖች የአቤቱታ መንገድ



በዳሪሙና በመቱ አካባቢ ካሉ አጥቢያዎች ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ፣ «በነፃ የጤና መድን አባል ለመሆን አመልክተው የተከለከሉ ድሆቻችንን እንዴት እንርዳ?» የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ኦሮሚያም ከአራቱ አንዱ ነበር። አባል የሆነ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል። መክፈል ለማይችሉት ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑላቸዋል፤ እነርሱም የሚመረጡት በቀበሌ ነው። በጀቱ የተወሰነ በመሆኑ የሚገባው ሰው ሊቀር ይችላል።

አንዲት አረጋዊት እናት «ቡና አለዎት» ተብለው ቀሩ። ማሳው በስማቸው ይሁን እንጂ ዛፉ አርጅቷል፤ ጥቂቱንም የሚለቅመው ጎረቤት እኩል ይካፈላቸዋል። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ጉዳዩን ለአንድ ኃላፊ በመንገድ ላይ ነገርኳቸው፤ «እናየዋለን» አሉኝ፤ አመስግኜ ተመለስኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየው ተዛወሩ፤ በቢሮውም ስለ እናታችን የተጻፈ አንድ ወረቀት አልተገኘም። በዚያ ዓመት ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ለመድኃኒት ሸጡ።

በሚቀጥለው ዓመት አስቀድመን የተከለከሉበትን ምክንያት ጠየቅን። «ድሀ ናቸው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያደርስም፤ አመልካቹ ሁሉ ድሀ ነው። አቤቱታው መመለስ ያለበት ለተሰጠው ምክንያት ነው። ስለዚህ ሦስት ጎረቤቶች ማሳውን አይተው ስለ ቡናው ያዩትን ብቻ ጻፉና ፈረሙ። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ተጻፈ፤ ቢሮው የሚሠራበት ቋንቋ እርሱ ነውና። በሁለት ቅጂ ቀርቦ አንዱ ቀንና የገቢ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም ተደርጎበት በእናታችን እጅ ቀረ። በአንድ ደብተርም የሄድንበትን ቀን፣ ያነጋገረንን ሰው፣ የተሰጠውን መልስና ቀጠሮውን እየጻፍን ተከታተልን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችውን መበለት ለጸሎት ትምህርት እንጠቅሳታለን፤ ሴትዮዋ ግን ወደ ዳኛው ደጅ በእግሯ ትመላለስ ነበር።

ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ቢሮ መግባት ግን አልመክርም፤ ተጽዕኖ ይመስላል። ለራሳችን አባላት ብቻ መቆምም ምስክርነታችንን ያረክሳል።

ቀበሌው ባይቀበል ጉዳዩ ከነቅጂው ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም በወረዳው ወዳለው የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይቀርባል። በአስተዳደር በደል ላይ የመጨረሻው በር በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም፣ በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ባለጉዳዩ መሄድ ባይችል ቤተሰቡ ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜውን አትርሱ። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ዝርዝሩ ጸድቆ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚቀርብ እውነተኛ አቤቱታም መልሱ «ለከርሞ» ነው። ዝርዝሩ ለሕዝብ በሚነበብበት ቀን ከአጥቢያው አንድ ሰው በስብሰባው ይገኝ።

የእናታችን ስም በዚያ ዓመት ተነበበ። አባልነቱ በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ የሚቀጥለው የምዝገባ ወር ከአሁኑ በደብተራችን ተጽፏል።