ኦዳን እንወቅ፦ የሰፈራችን ታሪክ የት ይገኛል?

በትምህርት ቤታችን የአክሱምን ሐውልትና የጎንደርን ግንብ በሥዕል ያላየ ተማሪ የለም። በዚህ ዓመት ግን አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ «ሰፈራችን ለምን ኦዳ ተባለ?» ብላ ስትጠይቅ ወዲያው የመለሰላት መምህር አልነበረም። ትርጉሙን የነገሯት አያቷ ናቸው። ኦዳ በኦሮምኛ የሾላ ዛፍ ማለት ነው። ሽማግሌ የሚመክረው፣ የተጣላም የሚታረቀው በጥላው ሥር ነው። ሩቁን እያስተማርን ደጃችንን እንደዘነጋን የገባን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሰፈር ታሪክ እንዴት እንደሚፈለግ በአጭሩ እናስረዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የመንደሩን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይሄዳል። ከ1538 ጀምሮ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘገብ ታዝዞ ነበርና። እኛ እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም። መዝገብ የለም ማለት ግን ታሪክ የለም ማለት አይደለም።

ቦረናዎች ዘመንን የሚቆጥሩት በገዳ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፤ ዘመኑም በአባ ገዳው ስም ይጠራል። አንዲት አያት «የተወለድኩት በጃልዴሳ ሊበን ገዳ ነው» ካሉ፣ ከ1960 እስከ 1968 ባለው ጊዜ እንደተወለዱ እናውቃለን። በ2017 ደግሞ ኩራ ጃርሶ ከጉዮ ጎባ ተረክበዋል። አዋቂ ሽማግሌዎች እነዚህን ስሞች በቅደም ተከተል ይዘው ድርቁን፣ ጦርነቱንና ስደቱን በየዘመኑ ያስታውሳሉ። ይህን የመዘገቡ ተመራማሪዎች እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ መቁጠር ችለዋል። ዩኔስኮም የገዳ ሥርዓትን በ2016 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ የአያቶቻችንን ቃል «ተረት ነው» ብለን አንለፈው።

ሁለተኛው ምንጭ መሬቱ ራሱ ነው። በየቀኑ የምናየው ድንበር ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1907 ባደረጉት ስምምነት የመጣ ነው። መስመሩ የግጦሹን መሬት ከውኃው፣ ዘመድንም ከዘመድ ለየ፤ አንዱ ሞያሌም ሁለት ሆነ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበሩን ተሻግረው ኬንያ ገቡ፤ ኢሲዮሎ ላይም የስደተኞች ሰፈር ተቋቋመላቸው። አማርኛ በዚህ በኩል መሰማቱ የትናንት ነገር አይደለም። በሐምሌ 1940 የጣሊያን ጦር በኬንያ ሞያሌ የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ከበበ፤ ጠባቂዎቹም በሌሊት ሾልከው ወጡ። በየካቲት 1941 ሞያሌ ከጣሊያን እጅ ተመለሰች። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ሁለቱ አገሮች በአንድ ቦታ የሚሠሩበትን የጋራ የድንበር ኬላ መሪዎቻቸው መርቀው ከፈቱ።

እንግዲህ ልጆች፣ ለመጠየቅ ስትሄዱ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የተናጋሪውን ስምና ነገሩ በማን ገዳ እንደሆነ ጻፉ፤ ገዳ የማይቆጥር ቤት ከሆነ የትኛው ድርቅ ወይም ጦርነት አካባቢ እንደነበር ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል አታስውቡ። ሦስተኛ፣ አንድ ቤት ብቻ አትጠይቁ። ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሳኩዬው፣ አማራው የየራሱ ትዝታ አለው። ከተማችን ግጭት አይታለች፤ እያንዳንዱ ልጅ የገዛ ቤቱን በደል ብቻ እየሰማ ካደገ ነገም ታያለች። የጎረቤቱን አያት ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ልጅ ግን በዚያ ቤት ላይ ድንጋይ ለማንሳት እጁ ይከብደዋል።

ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ዘንድሮ ልንጠይቃቸው ቀን ቆርጠን የነበሩ ሁለት አረጋውያን ቀናቸው ሳይደርስ አረፉ። የሚያውቁትን ይዘውት ሄዱ። በዚህ ዕረፍት ልጆቻችሁን ከአያቶቻቸው ጋር አስቀምጡልን። የሚጽፉትን ሁለት ሁለት ገጽ በቤተ መጻሕፍታችን እናኖራለን። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ተማሪ ስለ ኦዳ ሲጠይቅ ዝም የሚል መምህር እንዳይኖር እንፈልጋለን።